ከጅማ በብስክሌት ተሳቢ መጓዝ፦ ከብየዳ ቤት እስከ ጎጀብ ቁልቁለት

ከሸቤ አልፌ ወደ ጎጀብ ወንዝ ስወርድ ብስክሌቴ ከኋላ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ዕቃዬን ጭኜ ከኋላ የምጎትተው ተሳቢ እንደ ዓሣ ጭራ ግራና ቀኝ ይላል። ፍሬን ስይዝ ባሰበት። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሼ ዳር ላይ ቆምኩ። ጎማው ደህና ነው። ማያያዣውም ደህና ነው። ጥፋቱ የጀሪካኑ ነበር። ጠዋት ሸቤ ላይ 10 ሊትር ውሃ ሞልቼ፣ ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ተሳቢው ኋላ ጫፍ ላይ አስሬው ነበር። ፈትቼ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ እስከ ድልድዩ ድረስ ተሳቢ መጎተቴን ረሳሁት።

ሰው ስለ ብስክሌት ተሳቢ ሲያስብ የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገት ያደክማል፤ ቢከፋ ወርዶ መግፋት ነው። ተሳቢ የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ይህንኑ ይነግሯችኋል። የቁልቁለቱ ነገር ደግሞ የሚወሰነው ገና ከቤት ሳትወጡ፣ ተሳቢውን ስታሠሩና ስትጭኑ ነው። ስለዚህ ስለ ማያያዣው፣ ስለ ፍሬኑና ስለ አጫጫኑ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

መጀመሪያ፣ ያስፈልጋችኋል ወይ?

አጋሮ ደርሳችሁ፣ ፔንሲዮን አድራችሁ ለመመለስ ከሆነ አያስፈልግም። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቅያሪ ልብስና የዝናብ ልብስ በጀርባ ቦርሳ ይያዛል፣ አለቀ።

ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ማብሰያ፣ የሦስት ቀን ስንቅና ውሃ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ማውንቴን ብስክሌት ለጭነት ተብሎ የተሠራ አይደለም። ብዙዎቹ ከኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ እንኳ የላቸውም። በሰውየው ክብደት ላይ 20 ኪሎ ሲጨመርበት የኋላው ቸርኬ ሽቦዎች መበጠስ ይጀምራሉ። በማርሹ በኩል ያለው ሲበጠስ ደግሞ ማርሹን ሳይፈቱ መቀየር አይቻልም። ይህ ሰርቦ ላይ ቢደርስ ጅማ ቅርብ ነው። ጫካ መሀል ሲደርስ ግን ቀኑ እዚያው ያልቃል።

ተሳቢ ክብደቱን በራሱ ጎማ ይሸከማል። እኔ ከሁሉም የምወድለት አንድ ነገር አለ። ያረፍኩበት ቦታ ስደርስ አንዲት ብረት ነቅዬ እፈታዋለሁ። ከዚያ በቀሊል ብስክሌት ጫካውን፣ ገበያውን፣ የቡና ማሳውን ዞሬ አያለሁ። ዕቃ ተሸክሜ አልዞርም።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ባዶው ተሳቢ ራሱ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል። ጎማ ሲበዛ መተንፈስም ይበዛል። አውቶቡስ ላይ ሲጫን ጭቅጭቅ አለው። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ሰዎች ከሆናችሁ 45 ወይም 50 ላይ ትቆማላችሁ። ይህን ተቀብሎ መነሳት ነው።

አንድ ጎማ ወይስ ሁለት?

ፋብሪካ ከሠራቸው ባለ አንድ ጎማዎች ውስጥ በተጓዦች ዘንድ በጣም የታወቀው ቦብ ያክ የሚባለው ነው። እስከ 32 ኪሎ ይጭናል። ባለ አንድ ጎማ ተሳቢ ጠባብ ነው፤ ብስክሌቱ በሄደበት ዱካ ይከተላል። በቡና ጫካ ውስጥ ባለች ቀጭን መንገድ እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ ስትቆሙ ነው። ብስክሌቱ ሲጋደም ጭነቱም አብሮ ይጋደማል። ማያያዣውም ቅንጣት ክፍተት የሌለው መሆን አለበት፣ ያለዚያ መሪያችሁን ያንቀጠቅጠዋል። ይህን ያህል የተስተካከለ ሥራ በተራ ብየዳ ማግኘት ከባድ ነው።

ባለ ሁለት ጎማው በራሱ ይቆማል። ለመሥራት ይቀላል። ፈትታችሁት እንደ እጅ ጋሪ ገበያ ይዛችሁት መግባት ትችላላችሁ። ጉዳቱ ሦስት ዱካ መፍጠሩ ነው፤ እናንተ ጉድጓዱን ስትስቱት የተሳቢው ጎማ ይገባበታል። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ የፈለጋችሁትን ምረጡ። ጅማ ላይ ለሚያሠራ ሰው ግን የእኔ ምክር ባለ ሁለት ጎማው ነው። ከዚህ በታች ያለውም ስለ እሱ ነው።

ብየዳ ቤት

በያጅ ሁሉ የለመደው የግቢ በር ነው። ቀጭን ቱቦላሬ ይዛችሁ ስትገቡ «ይሄ አይችልም፣ ወንድሜ፣ ወፈር ያለ ልቁረጥልህ» ይላችኋል። በትህትና እምቢ በሉት። 20 በ20 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለጠቅላላው አካል 5 ሜትር ያህል ይበቃል። ይህ 3 ኪሎ ተኩል ነው። በግቢ በር ብረት ቢሠራ እጥፍ ይሆናል፣ እጥፉን ደግሞ የምትጎትቱት እናንተ ናችሁ። ቀጭን ብረት በወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳል፤ በ2.5 ሚሊው እንዲሠራላችሁ ጠይቁ።

ልኩ ይህን ይመስላል። ዕቃ የሚጫንበት ወለል ርዝመቱ 70፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር። ጎማዎቹ ከወለሉ ግራና ቀኝ ይሆናሉ። ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዙሪያውን 20 ሳንቲ ከፍታ ያለው አጥር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ መከመር ያምራችኋል።

ጎማ ከልጆች ብስክሌት ውሰዱ፤ ሁለት የፊት ጎማ፣ ባለ 20 ቁጥር። ባለ 12 ቁጥሩ ያምራል፣ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፐርኖው፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ላይ ነው። የብስክሌት ፐርኖ የተሠራው በሁለቱም ጫፍ እንዲያዝ ነው። በአንድ በኩል ብቻ በይዳችሁ ካሰራችሁት በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጎብጣል። ስለዚህ ከጎማው ውጭ በኩልም አንድ ብረት ይለፍ። ጎማው በሁለት ብረት መሀል ይቀመጥ፣ ፐርኖውም በግራና በቀኝ በዳዶ ይጥበቅ።

ፐርኖው ከወለሉ እኩሌታ ላይ አይሁን። ከፊት ጫፍ 40፣ ከኋላ ጫፍ 30 ሳንቲ ላይ ይሁን። ይህች የ10 ሳንቲ ልዩነት ጭነቱ በተፈጥሮው ወደ ፊት እንዲያደላ ታደርጋለች። ለምን እንደሚጠቅም አጫጫን ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

በያጁ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ብቻ ያስይዘው። ከዚያ ሜትር አውጡና በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለውን ርቀት ከፊት በኩልም ከኋላ በኩልም ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ተሳቢው እድሜ ልኩን ጎማ እየበላ ይኖራል። ሲስተካከል ሙሉ ብየዳው ይሠራ። ሲቀዘቅዝ ደግማችሁ ለኩ፤ ብየዳ ብረት ይጎትታል።

ወለሉን በኮምፔንሳቶ ሸፍኑት፤ ጠርዙን ጭምር ሁለት ጊዜ ቀለም ቀቡት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባት አገር ናት፣ ያልተቀባ ኮምፔንሳቶ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ብረቱን ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቀቡት። ብየዳ ሲሰነጠቅ በነጣ ቀለም ላይ ቶሎ ይታያል፣ ሾፌሮችም ከሩቅ ያዩታል።

ማያያዣው

ተሳቢውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ በብስክሌቱ ግራ በኩል ይምጣ፤ ቀኙ የሰንሰለቱና የማርሹ ነው። መነሻው የተሳቢው ፊት ግራ ጥግ፣ መድረሻው የኋላ ጎማ ፐርኖ ግራ ጫፍ። ለባለ 26 ቁጥር ብስክሌት ርዝመቱ 45 ሳንቲ ያህል ይሆናል። ጎማው ከፐርኖው እስከ ጠርዙ 33 ሳንቲ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ክፍተት ያስፈልጋል።

ክንዱ ቀጥ ያለ አይሁን፣ ወደ ውጭ ይጉበጥ። ምክንያቱን ቆማችሁ ሞክሩት። ብስክሌቱን ወደ ግራ ስታዞሩት ክንዱ ከጎማው ይርቃል። ወደ ቀኝ ስታዞሩት ወደ ጎማው ይጠጋል። ቀጥ ያለ ክንድ ገና ሳትታጠፉ ጎማውን ይነካል። እስከ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ዞሮ ካልነካ በቂ ነው።

ብስክሌቱ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ነው። 10 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳና በፐርኖው ላይ፣ ከብስክሌቱ አካልና ከዳዶው መሀል ይገባል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ መግባቱን ተመልከቱ። ብረቱ ሲጨመር ፐርኖው አጥሮ ዳዶው በሁለት ጥርስ ብቻ ከያዘ ረዘም ያለ ፐርኖ ግዙ፤ ይህን ነገር አትለፉት። የኋላ ፍሬናችሁ ዲስክ ከሆነ ግራ በኩል ስለሚቀመጥ እንዳይጋጩ አስቀድማችሁ ብስክሌቱን በያጁ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ጎማው በእጅ ማንሻ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በዳዶ የሚታሰር ፐርኖ ብታስቀይሩ ይሻላል።

አሁን ዋናው መገጣጠሚያ። በሦስት አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት፦ ግራና ቀኝ ለመታጠፍ፣ ላይና ታች ለጉብታ፣ በራሱ ላይ መጠምዘዝ ደግሞ ብስክሌቱ ሲያዘነብል። ሦስተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ብስክሌቱ በወደቀ ቁጥር ተሳቢው አብሮ ይገለበጥበታል። መካኒኮች ክሮቸራ የሚሉት ትንሽ መገጣጠሚያ ከተገኘ ጥሩ ነው። እኔ የምጠቀመው ግን ውስጡ የጨርቅ ድርብ ያለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። 12 ሳንቲ ቆርጬ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ሮንዴላ ባለው ብሎን አሰርኩት። ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ድንጋጤም ይውጣል። በዓመት አንዴ ይቀየራል። ጠምዝዛችሁት ስንጥቅ ካያችሁበት ዓመቱን አትጠብቁ።

ክንዱን ከብስክሌቱ ጋር የምታያይዘው፣ የምትነቀለዋ ብረት ጫፏ ላይ ኮፒሊያ፣ ማለትም እንዳትወልቅ የሚይዛት ቀጭን ሽቦ፣ ይግባባት። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ጠንካራ የጠፍር ማሰሪያ ከተሳቢው ክንድ ተነስቶ የብስክሌቱን አካል ዞሮ ይታሰር። ማያያዣው ቢበጠስ ተሳቢው ብቻውን ቁልቁል እንዳይሄድ ነው። በጅማ መንገድ ዳር ስንት ሕፃን፣ ስንት እናት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ያለዚህ ማሰሪያ አንድ ሜትር እንኳ አትንዱ።

ብስክሌቱ

ከፍሬን ጀምሩ። የፍሬኑን ጎማ በአዲስ ቀይሩ፣ ሽቦውንም ጭምር። የድሮው «ገና አለው» ቢባልም ቀይሩት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ ክብደት ሲጨመር ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። ያረጀ ፍሬን ባዶ ብስክሌት ላይ ደህና ይመስላል። ተሳቢ ላይ ይዋሻል።

ቀጥሎ ማርሽ። የፊተኛው ትንሹ ጥርስ ቁጥር ከኋለኛው ትልቁ ጥርስ ማነስ አለበት። ፊት 22፣ ኋላ 34 ያለው ብስክሌት አንድ ጊዜ ፔዳል ሲዞር 1.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፊት 32፣ ኋላ 28 ያለው ግን 2.3 ሜትር። የመጀመሪያው በደቂቃ 60 ጊዜ ቢረገጥ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ይህ የእግረኛ ፍጥነት ነው፤ ግን ተቀምጣችሁ፣ ጉልበታችሁ ሳያልቅ ትወጣላችሁ። በሁለተኛው ዳገት ላይ ትቆማላችሁ፣ ጉልበታችሁንም ትጎዱታላችሁ።

ለመለዋወጫ ሁለት ዓይነት ከመነዳሪ ያዙ፤ የብስክሌቱንም የተሳቢውንም። ፓምፕ፣ ማጣበቂያ፣ የእንግሊዝ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አራት አምስት ተጨማሪ ብሎንና ዳዶ፣ አንድ ተጨማሪ ኮፒሊያ። መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ጎሚስታ አይጠፋም። በከተሞቹ መሀል ግን እናንተ ናችሁ ጎሚስታው።

ከተሳቢው ኋላ ቀይ አንጸባራቂና መብራት፣ በግራ በኩል ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ባንዲራ ይኑር። የሚቀድማችሁ ሾፌር ብስክሌት ብቻ መስሎት ቶሎ ወደ ቀኝ ይገባል። ባንዲራዋ ከኋላችሁ ሌላ ነገር እንዳለ ትነግረዋለች።

አጫጫን

በመጀመሪያ ጉዟችሁ ጭነቱ ከ25 ኪሎ አይብለጥ። ተሳቢው ሲደመር 33 ኪሎ ይሆናል።

ከባድ ነገር ሁሉ ታች፣ ወለሉ ላይ፣ ከፐርኖው ትንሽ ወደ ፊት። ውሃ፣ የታሸገ ምግብ፣ የመሣሪያ ከረጢት እዚያ ነው ቦታቸው። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ቀላልና ሰፊ ነገር፣ እንደ ብርድ ልብስ፣ ልብስና ድንኳን ያለው፣ ከላይና ከኋላ። ውሃ እየተጠጣ ሲያልቅ ሚዛኑ ይለወጣል፤ ምሳ ሰዓት ላይ አንዴ አስተካክሉ። ፓምፕና ማጣበቂያ ከላይ፣ ሸራው ጠርዝ ሥር ይሁኑ፤ በዝናብ መሀል ሙሉ ተሳቢ እንዳታራግፉ። ላምባ ከያዛችሁ ከምግቡ ራቅ አድርጉት። ገንዘብ፣ ስልክና መታወቂያ ተሳቢ ላይ አይቀመጥም፣ ሰውነታችሁ ላይ ነው።

ጭናችሁ ስትጨርሱ በግምት አትለፉት። ማር ወይም ቡና የሚሸጥ ሰው የሚጠቀምባትን ተንጠልጣይ ሚዛን ለአምስት ደቂቃ ተዋሱ። የክንዱን ጫፍ፣ ከብስክሌቱ ጋር በሚያያዝበት ከፍታ ላይ፣ በሚዛኗ አንጠልጥሉት። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ማሳየት አለበት፤ ለ33 ኪሎ 3 ኪሎ ገደማ። 6 ወይም 7 ካሳየ የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ላይ ጫና ይበዛል፣ ትንሽ ወደ ኋላ አሽሹ። 1 ካሳየ፣ ወይም ክንዱ ወደ ላይ ከተነሳ፣ እንዳትነሱ። የእኔ ተሳቢ ጎጀብ ላይ ያንን የጭራ ጭፈራ የጨፈረው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላው የከበደ ተሳቢ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ከመሬት ለማንሳት ይታገላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ትግሉ ወደ ውዝዋዜ ይቀየራል።

ልብስና ምግቡን በወፍራም ላስቲክ ከረጢት አስገብታችሁ አፉን እሰሩ፤ ከላይ ሸራ አልብሱ። ለማሰር አሮጌ ከመነዳሪ በቁመቱ ተቆርጦ ይበቃል። ሞተረኞች የሚያስሩበት ያው ጎማ ነው፤ ይለጠጣል፣ አይላላም። ጫፉን ግን አሳጥሩት። የተንጠለጠለ ጫፍ ጎማ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ከክብደቱ ይልቅ ለደስታው ይዣለሁ፦ ትንሽ ጀበናና ሦስት ሲኒ። ጀበናዋን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጆሮዋን ወደ ላይ አድርጌ፣ ከበሶውና ከጭኮው መሀል አስቀምጣታለሁ። እስካሁን አልተሰበረችም። በጀርባ ቦርሳ ዘመኔ ይህን አላስበውም ነበር።

ልምምድ

መጀመሪያ ባዶውን ተሳቢ ይዛችሁ ከተማ ውስጥ ሜዳ መንገድ ላይ ንዱ። የምትማሩት መታጠፍን ነው። ተሳቢ ጥግ ይቆርጣል፤ እናንተ ያለፋችሁትን የድንጋይ ጠርዝ እሱ ይወጣበታል። ሰፋ አድርጋችሁ ታጠፉ።

ከዚያ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ወደ ጅሬን ውጡ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ከከተማው ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ነው። ለእኛ ደግሞ ምርጥ መፈተኛ ሆነ። ቅርብ ነው፣ ዳገት ነው፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። የሆነ ነገር ቢበላሽ ወደ በያጁ በባጃጅ ትመለሳላችሁ። ከላይ ደርሳችሁ ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ነካ ነካ አድርጉ። ሁለት ሦስቱ ይላላሉ፤ አዲስ ነገር ነው፣ አትደንግጡ፣ አጥብቋቸው። ሲወርዱ ቀጥ ባለና ሰው በሌለበት ቦታ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ፍሬን ይዛችሁ የት እንደምትቆሙ እዩ። ከዚያ በ25 ሞክሩ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ማንም መክሮ አይቀይራችሁም።

ሦስተኛው ልምምድ አጋሮ ነው፤ በየቡ በኩል፣ አንድ አዳር።

መንገድ ላይ

መቶ ሜትር ሄዳችሁ ስምንት ሜትር ከፍ የምትሉበት ዳገት ላይ 33 ኪሎ ተሳቢ ወደ ኋላ የሚጎትታችሁ በ2.6 ኪሎ ያህል ኃይል ነው። ሲሰማ ትንሽ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ሲሆን ብዙ ነው። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀንሱ። ተቀምጣችሁ እርገጡ፤ ቆሞ መርገጥ ብስክሌቱን ያወዛውዛል፣ ተሳቢው በየእርምጃው ይጎትታችኋል። ሲያቅታችሁ ውረዱና ግፉ።

ዳገት ላይ ስታርፉ የጭነት መኪና ረዳቶች የሚያደርጉትን አድርጉ። ሁለት ትናንሽ የእንጨት ታኮ ያዙ፣ ከተሳቢው ጎማዎች ኋላ አስገቡ። የፍሬኑን እጀታም በጎማ ቁራጭ ጠቅልላችሁ እሰሩ።

ቁልቁለት ላይ ያው 2.6 ኪሎ ከኋላ ይገፋችኋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ገና ከላይ ቀንሱ። ፍጥነት ከያዘ በኋላ መቀነስ ሌላ ነገር ነው። እኔ ከ25 ኪሎ ሜትር አላልፍም፣ መንገዱ ቢያምርም። ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ ግን እንደያዛችሁ አትቆዩ፤ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል። ሲበዛ ከመነዳሪውን ያፈነዳዋል። በረጅም ቁልቁለት በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ሙቀቱ እጃችሁን ካሸሸው ውሃ ጠጡ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ዲስክም ይግላል፣ እሱን አትንኩ።

ኩርባ ከመድረሱ በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ እንዳለ፣ ፍሬን ይዛችሁ ጨርሱ። ኩርባው ውስጥ አጥብቃችሁ ከያዛችሁ ተሳቢው ብስክሌቱን ከጎን ይገፋዋል፤ ሁለቱ እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ። በኩርባ ውስጥ አንድ የተሳቢ ጎማ ድንጋይ ላይ ቢወጣም ይገለበጣል። ውዝዋዜ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ የኋላውን ፍሬን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። የፊቱን በድንገት አትያዙ። ስትቆሙ መጀመሪያ የምታዩት አጫጫኑን ነው።

ጉድጓድ ሲያጋጥም ከቻላችሁ በሁለቱ የተሳቢ ጎማዎች መሀል አሳልፉት፤ ካልተቻለ እግረኛ በሚሄድበት ፍጥነት እለፉት። ቀይ ጭቃ ላይ ጎማውና ብረቱ መሀል ይሞላና አይዞርም ይላል። የሚጠርግ ቁራጭ እንጨት ያዙ። ከዚህ ሁሉ ለመዳን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ኅዳር ላይ ደግሞ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል፣ በየመንገዱ ዳር በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ታዩታላችሁ።

ልጆች። ብስክሌት ሲያዩ ይሮጣሉ፣ ተሳቢ ሲያዩ ይንጠለጠላሉ። ይህ ጨዋታቸው ነው፣ ግን እጅ ወይም እግር ጎማ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከኋላ ልጅ ካለ ለማምለጥ አትፍጠኑ። ቁሙ፣ ውረዱ፣ «አካም ጅርቱ» በሉ፣ ትንሽ በእግር አብራችሁ ሂዱ። አንድ ትልቅ ሰው ካለ «አባባ፣ ልጆቹ እንዳይጎዱብኝ» በሉት። ልጆቹን የሚመልሳቸው እሱ ነው። ዳገት ላይ እንግፋ ካሉ በብስክሌቱ ጎን ሆነው ኮርቻውን ይግፉ፣ ተሳቢውን አይንኩ።

ከጅማ ቦንጋ

ጠቅላላው ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱ በሰቃ ጨቆርሳ አልፎ ሸቤ ይደርሳል፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመጀመሪያ ቀናችሁ እዚያ ይብቃ። ከሰዓት በኋላ ጎጀብን አትጀምሩ። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት በቀዝቃዛው ውረዱ፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው ዳገት ፀሐይ ሳይበረታ ቢጀመር ይሻላል። በቂ ውሃ ሸቤ ላይ ያዙ፣ የት እንደሚቀመጥ አሁን ታውቃላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ጅማ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር ከሚመላለሱ ሾፌሮች የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። የትኛው ቦታ እንደተቆፈረ፣ የት ኩርባው እንደሚከፋ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በምሽት አትንዱ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የቦታውን ሰው ወይም ቀበሌውን አስፈቅዱ።

የአዲስ አበባው መስመር፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመጀመሪያ ጉዞ አይሆንም። ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ የጊቤ በረሃ ቁልቁለትም ረጅም ነው። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ አስቡበት።

ቦንጋ ስትደርሱ ተሳቢውን ያረፋችሁበት ግቢ ፈትታችሁ ተዉት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በብዝኃ ሕይወት ክልልነት የመዘገበው የካፋ ደን ዙሪያውን ነው። አንድ ሙሉ ቀን በባዶ ብስክሌት ስጡት።

መመለሻው በአውቶቡስ ከሆነ ዕቃውን ሁሉ አራግፉ። ጎማዎቹን ፈትታችሁ በአንድ ገመድ እሰሩ፣ ዳዶዎቹን መልሳችሁ ፐርኖው ላይ አጥብቁ፣ ያለዚያ ይጠፋሉ። የጎማ ቱቦውን ማያያዣ ነቅላችሁ በቦርሳ ያዙ። ከረዳቱ ጋር ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ተሳቢው ፖርቶ መጋላው ላይ ከሌላው ጭነት ሁሉ በላይ እንዲሆን ጠይቁት። የበቆሎ ጆንያ ከላዩ ከተጫነበት ክንዱ ይጎብጣል። ጅማ ስትወርዱ ጎማዎቹን ከማሰራችሁ በፊት ያንኑ ሜትር አውጡ፣ ክንዱንና የፐርኖ መቀመጫዎቹን ለኩ።